የወፍ ጉንፋን የዶሮ አርቢዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ወፍ ጉንፋን ያወጣችሁት ጽሑፍ በሽታውን ከዶሮ አርቢዎች ኪሳራ አሳልፎ አላየውም፤ ይህ ደግሞ የጉዳዩን ክብደት ያሳንሰዋል።

የወፍ ጉንፋን የሚያመጣው ኤች5ኤን1 የተባለው ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ2022 በስፔን ለፀጉሯ በምትረባው ሚንክ በተባለች ትንሽ አጥቢ እንስሳ በአንድ እርባታ፣ በ2023 በደቡብ አሜሪካ ጠረፍ በባሕር አንበሶች፣ በ2024 ደግሞ በአሜሪካ የወተት ላሞች ላይ ተገኝቷል። ፒቢ2 በሚባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ላይ፣ 627ኛው ቦታ ያለው አንድ አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበት ቅንጣት) ሲለወጥ፣ ቫይረሱ ከወፎች አንጀት ይልቅ ቀዝቀዝ ባለው የአጥቢ እንስሳት የላይኛው የመተንፈሻ አካል ውስጥ በቀላሉ መራባት ይችላል። የላሞቹ ነገር ግን ይለያል። የጡታቸው ሕዋሳት የወፉ ቫይረስ የሚጣበቅበትን ተቀባይ በብዛት ስለያዙ፣ ወተታቸው በቫይረስ ተሞላ፤ ከላም ወደ ላም የተዛመተውም በዋናነት በማለቢያ መሣሪያ እንደሆነ ይታመናል። ያንኑ ጥሬ ወተት የጠጡ የእርባታው ድመቶች ሞተዋል።

በፒያሳና በአራት ኪሎ አካባቢ ያልፈላ ወተት በፕላስቲክ ጠርሙስ ቤት ድረስ ይመጣል። በበዓል ዋዜማ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች መንገድ ዳር ይደረደራሉ፤ ድመትም (ማን ይከለክላታል?) ከሥራቸው አትጠፋም። ወፍ፣ ወተትና አጥቢ እንስሳ እንዲህ በሚገናኙበት ከተማ የታመመ ዶሮ እስኪታይ መጠበቅ ዘግይቶ መንቃት ነው። ወተት ማፍላት ቫይረሱን ይገድለዋል፤ መኖሩን ግን አይነግረንም።

ስለዚህ የሚመለከተው አካል ወደ ከተማዋ ከሚገባው ወተት፣ ገና በማሰባሰቢያ ጣቢያው በጋራ ታንክ ውስጥ ሳለ፣ በየወሩ ናሙና እየወሰደ ያስመርምር፤ በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ሰሞንም የዶሮ መሸጫ ቦታዎችን በምርመራው ያካትት።

አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ