የቼክ ኢንጂን መብራት ባትሪ በመንቀል አይጠገንም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ቼክ ኢንጂን የሚባለው የሞተር ብልሽት ማስጠንቀቂያ መብራት የበራበት መኪና እዚህ ጅማ ጋራዥ ሲገባ አንዳንድ ጊዜ የሚደረግለት የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትቶ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ብቻ ነው። መብራቱ ይጠፋል፣ ባለመኪናውም ከፍሎ ይወጣል። የተሰረዘው ግን የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበው የብልሽት ቁጥር፣ ማለትም ኮዱ እንጂ ብልሽቱ አይደለም። ብልሽቱ ሲመዘገብ የነበረው የሞተር ዙር፣ ሙቀትና ፍጥነትም አብሮ ስለሚጠፋ መብራቱ ከቀናት በኋላ ሲመለስ መካኒኩ የሚነሳበት ፍንጭ አያገኝም።

መሆን ያለበት ከመሪው ሥር ባለው 16 ፒን ሶኬት ኮዱን ማንበብ፣ በወረቀት መጻፍ፣ ከዚያ መፈተሽ ነው። ኮዱም ቢሆን ጥቆማ እንጂ ፍርድ አይደለም። ፒ 0171 ለገባው አየር ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው፤ መንስኤው የተቀደደ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መጠን ሴንሰር ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ሳይፈትሹ ሴንሰር መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

መብራቱ ሳይቆራረጥ ከበራና መኪናው ደህና ከሄደ ቀስ ብሎ ጋራዥ መድረስ ይቻላል። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ቤንዚን ከሚነድባቸው ሲሊንደሮች አንዱ በትክክል እያቃጠለ አይደለም። ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ላይ ካለው ጭስ ማጣሪያ፣ ከካታሊስቱ ደርሶ እዚያ ይነዳል፣ ካታሊስቱንም ያቀልጠዋል፤ ስለዚህ እግርን ከነዳጅ ላይ አንስቶ መቆም ነው። መጀመሪያ የሚታዩት ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላና ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ቦቢና ናቸው። በክረምት ጭቃ ለማጠብ ሞተሩ ላይ በግፊት ውሃ ሲረጭ የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ይቀራል፣ ብልጭታውንም ያዛባል።

ቀዩ የዘይት ምልክት የዘይት ግፊት መብራት ነው። ሲበራ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ። «እስከ ሰኮሩ ያድርሰኝ» ማለት የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን ብሮንዚና ማስበላት ነው። ሜዳ ላይ 5 ደቂቃ ያህል ቆሞ ዘይቱ ይለካ፤ ዘይቱ ልክ ሆኖ መብራቱ ከበራ መኪናው ይጎተት። የባትሪ መብራት ሲበራ ደግሞ ሞተሩ የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን ተመልከቱ። በብዙ መኪኖች ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ የሚያዞረው ቺንጋ የውሃ ፓምፑንም ስለሚያዞር፣ ከተበጠሰ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል።

የሙቀቱ ጉዳይ ሰፋ ያለ ነው። ብዙ የቶዮታ ቪትዝ መኪኖች የሙቀት ጌጅ የላቸውም፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ከልክ በላይ ሲግል ቀይ ይበራል፣ በመካከል የሚያስጠነቅቅ ነገር የለም። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሞተር የሚሠራው ደግሞ በ90 አካባቢ። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን አምቆ የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ደህና ከሆነ የመፍያው ሙቀት ከ115 ዲግሪ በላይ ይሆናል፤ ጎማው ያረጀ ክዳን ግን ከግቤ ወደ አባልቲ ያለውን ዳገት አይችለውም። መኪናው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይበርድ ክዳኑ አይከፈት፣ ፊት ያቃጥላል።

ክዳን ርካሽ ሆኖ ሳለ ብዙዎች ሞተር ሲግል የውሃውን ዝውውር የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት አውጥተው ይጥላሉ። ያኔ ሞተሩ ተገቢው ሙቀት ላይ ለመድረስ ይቸገራል፣ ሰማያዊው መብራት ቶሎ አይጠፋም፣ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል፣ ሞተሩ በቂ አልሞቀም የሚለው ኮድ ፒ 0128 ተመዝግቦም ቼክ ኢንጂን ይበራል። እሱም በተራው ባትሪ ተነቅሎ ይጠፋል!

ያገለገለ መኪና የምትገዙ ሰዎች፣ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ኦን ላይ አድርጉት። ቼክ ኢንጂን፣ ዘይትና ባትሪ ሦስቱም መብራት አለባቸው። ቼክ ኢንጂን ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ሆን ተብሎ ወጥቷል፤ ኮዱ በኮምፒውተር ሳይነበብ ቀብድ አትስጡ።

የከተማችን ጋራዦች ኮድ ከመሰረዛቸው በፊት ቁጥሩን፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጽፈው ለባለመኪናው እንዲሰጡ እንጠይቃለን። ባለመኪናውም ወረቀቱን ሳይቀበል አይክፈል።

የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች፣ ጅማ