ፈቃዱ ያለቀበት ግድብ፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የ2018 ዓ.ም. ዘገባ

መስከረም ላይ ለክበቡ ሊመዘገቡ የመጡት ልጆች ሁሉ የሚያወሩት ስለ ሕዳሴ ነበር። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ ወሬው ገና ትኩስ ነው። «ቲቸር፣ ሞዴሉን እንሥራ፤ በጂፕሰምና በካርቶን፣ አምፖል እናበራለን» አሉኝ። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ግን እስካሁን በየትምህርት ቤቱ የተሠራው የሕዳሴ ሞዴል አንድ ላይ ቢከመር ከተማችንን ድሬዳዋን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ ሳይገድብ አይቀርም። ስለዚህ ሌላ ነገር ይዤላቸው ቀረብኩ። 3.5 ሜጋ ዋት ብቻ የምታመነጭ፣ ያረጀች፣ አሜሪካ ያለች አንዲት ግድብ። የነበረች ማለቴ ነው።

መሰላቸታቸውን እንኳ አልደበቁም። «አቦ ቲቸር፣ የሕዳሴ 5,150 እያለልን 3.5 ላይ ምን እንሠራለን?» አለ አንዱ። እውነት አለው። እኔ ግን ስለ ግንባታና ስለ ምረቃ የሚያወራ ሰው ሞልቷል ብዬ ነው። ሪባን ከተቆረጠ ከሃምሳ ዓመት በኋላስ? ያኔ ግድቡ ይቀጥል ወይ ይብቃው የሚለው ማን ነው? ዓመቱን ሙሉ የተሟገትነው በዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። (የአሜሪካው ጉዳይ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የእኛው በእኛ ነው።) አሜሪካ ውስጥ አንድ ኩባንያ ወንዝ ገድቦ መብራት ሲያመነጭ ወንዙ የእሱ አይሆንም። ፈቃድ ይሰጠዋል። ፈቃዱ ደግሞ ማብቂያ አለው፤ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ዓመት ነው። ሕጉ የወጣው በ1920 ነው፤ ዛሬ ፈቃዱን የሚሰጠው የፌዴራል ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ይባላል። ፈቃዱ ሊያልቅ ቢያንስ አምስት ዓመት ሲቀረው ባለቤቱ ማሳደስ መፈለግ አለመፈለጉን ማሳወቅ አለበት። ማመልከቻው የሚገባው ቢያንስ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። በመሃል ያለው ጥናትና ስብሰባ ነው። ዓሣው ይጠናል፤ የውሃው ጥራት ይጠናል፤ ለመዝናናት ጀልባ የሚቀዝፈው ሰው ሳይቀር ይታሰብለታል። የወንዙ ዳር ነዋሪ ተነስቶ መናገር ይችላል። በ1986 ሕጉ ሲሻሻል ደግሞ ኮሚሽኑ ዓሣውን፣ የዱር እንስሳቱንና መዝናኛውን ከመብራቱ እኩል እንዲመዝን ታዘዘ።

«እንደ ቦሎ ነዋ!» አለ ከኋላ ወንበር አባቱ ባጃጅ የሚነዳ የ9ኛ ክፍል ልጅ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩለት። ቦሎ ሲታደስ የሚታየው መኪናው ነው፤ ፍሬኑ፣ መብራቱ። መንገዱ ዳር የሚኖረውን ሰው «ይህ ባጃጅ እንዴት ይዞሃል?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የግድቡ እድሳት ይህንንም ይጠይቃል። ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ ቦሎ የሚል ስም ወጥቶለታል።

የመረጥናት ግድብ ኤድዋርድስ ትባላለች። ሜይን በምትባለው ግዛት፣ ኦገስታ ከተማ ውስጥ፣ በኬነቤክ ወንዝ ላይ በ1837 የተሠራች ነች። ከፍታዋ ሰባት ሜትር ገደማ ነው። ፈቃዷ በ1993 አለቀ። ባለቤቱ ይታደስልኝ አለ። የዓሣ ወዳጆችና የአካባቢ ተሟጋቾች ደግሞ ትፍረስ አሉ። ምክንያቱም ከባሕር ወጥቶ ወንዝ ውስጥ እንቁላል የሚጥል ዓሣ ብዙ ዓይነት አለ። ሳልሞን አለ፤ የሳርዲን ዘመድ የሆነ አሌዋይፍ የሚሉትም አለ። ለ160 ዓመት ገደማ ዓሣው ሁሉ እዚያች ግድብ ሥር ደርሶ ይቆም ነበር።

ይህን ይዘን ምስለ ችሎት አዘጋጀን። ወገን የተከፋፈለው በዕጣ ነው። እዚህ ላይ ድርቅ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ልጅ የሚወደውን ወገን ከመረጠ መፈክር እንጂ ክርክር አይሰማም። ለዓሣ ትሟገታለች ብለን የጠበቅናት የ11ኛ ክፍል ተማሪ የኩባንያው ጠበቃ ሆና ዐረፈችው። መጀመሪያ አኮረፈች። በክርክሩ ቀን ግን የአባቷን ኮት ለብሳ፣ ፋይል ታቅፋ መጣች። «ትንሽ ነው አትበሉኝ» አለች። «ይህ መብራት ከሰል አያቃጥልም። ዛሬ የኔን ትንሽ ካፈረሳችሁ ነገ ደግሞ የጎረቤቴን ትንሽ ታፈርሳላችሁ። ትንንሹ ሲደመር ስንት ነው?» ዳኞቹ ዝም አሉ። እኔም ለራሴ መልስ አላገኘሁላትም።

የዓሣው ተወካይ የተለየ ነገር ይዞ መጣ። በሩ ላይ ዴስክ አስቀምጦ ከውጭ በኩል በጉልበቱ ይገፋዋል። ገጭ። ወደ ኋላ ይመለሳል። ገጭ። አንድ ቃል አልተናገረም። ሰብሳቢዋ ሦስት ጊዜ «ምስክር ይግባ» አለች፤ እሱ መግፋቱን ቀጠለ። በመጨረሻ የዓሣ ባለሙያዋ ተነስታ አስረዳችለት። ለዓሣው መተላለፊያ መሥራት ግድቧን ከማፍረስ የበለጠ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ግድቧ ደግሞ ለግዛቱ የምትሰጠው መብራት ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ነው አለች። ይህን እየተናገረች ሳለ መብራት ሄደ። በኃይል ማመንጫ ፈቃድ ላይ እየተከራከርን! ማራገቢያው ቆመ፤ ሙቀቱ ገባብን፤ ሳቁ ግን ለማቆም አስቸገረ። የኩባንያው ጠበቃ ዕድሏን አላሳለፈችም። «ክቡራን ዳኞች፣ ይኸው ማስረጃዬ» አለች።

ሦስቱ ዳኞቻችን ሁለት ለአንድ ወሰኑ። ፈቃዱ ለ30 ዓመት ይታደስ፤ ግን ኩባንያው የዓሣ መተላለፊያ ይሥራ፤ በወንዙም ዓመቱን ሙሉ የተወሰነ ውሃ ይለቀቅ። እውነተኛው እድሳትም አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው እንዲህ ነው፤ ፈቃዱ ይታደሳል፣ ግዴታው ይጨምራል። ኤድዋርድስን የገጠማት ግን ሌላ ነው። ኮሚሽኑ በ1997 ባለቤቱ እየፈለገ ፈቃዱን ከለከለ፤ ግድቧም እንድትፈርስ አዘዘ። እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር። ጁላይ 1 ቀን 1999 ግድቧ ተከፈተች። ወንዙ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ነጻ ሆነ። ቆይቶ በገባሩ ላይ ያለ ሌላ ግድብ ሲፈርስ ደግሞ አሌዋይፉ በየዓመቱ በሚሊዮን እየተቆጠረ መውጣት ጀመረ።

ይህን ስነግራቸው ጫጫታው ሌላ ነበር። «ለዓሣ ብለው ግድብ አፈረሱ?» አሉ። እኔ የራሴን ልናገር። ይህ ታሪክ ለእኛ አገር «ግድብ አፍርሱ» ይላል ብዬ አላምንም። መብራት የሞላው አገር ከሺህ አንዷን ቢተው አይጎድልበትም፤ እኛ ገና መብራት ያልገባለት ገጠር አለን። የምቀናው በሌላው ነገር ነው። ወረቀቱ ላይ ማብቂያ ቀን አለ። በ1837 ያልተወለደ ሰው፣ ያኔ ያልተጠየቀ ሰው፣ ተራው ደርሶ ይጠየቃል።

በሁለተኛው መንፈቅ ወደ ራሳችን ዞርን። መጀመሪያ ሂሳቡን። የትምህርት ቤቱ ሮቶ 5,000 ሊትር ይይዛል፤ አራት ሜትር ማማ ላይ ነው። ልጆቹ ያ ሁሉ ውሃ ወርዶ ተርባይን ቢያዞር ቢያንስ አንድ ቀን መብራት ይሰጠናል ብለው ተወራረዱ። ውሃውን በከፍታው፣ ከዚያ በመሬት ስበት፣ በ9.8፣ አባዙ። 196,000 ጁል መጣ። ቁጥሩ ትልቅ መስሏቸው ጨበጨቡ። ወደ ዋት ሰዓት ሲለውጡት 54 ሆነ። አንድ ባለ 60 ዋት አምፖል፣ ምንም ሳይባክን፣ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም! ከዚያ ወዲያ «ትንሽ ግድብ» ሲባል የሚያፌዝ አልነበረም። ሦስት ሜጋ ዋት ተኩል ምን ያህል ውሃ እንደሚፈልግ ራሳቸው አስልተውታል።

ቀጥሎ ደቻቱ ወረድን፤ በቀፊራ ገበያ በኩል። ጥር ነው፤ አሸዋ ብቻ ነው። አሸዋ የሚጭኑ ሰዎች፣ ፍየሎች፣ ከገበያው የተጣለ ላስቲክ። «እዚህ ላይ ብንገድብስ?» ለሚለው መልሱ ያው ሂሳቡ ውስጥ ነበር፤ የሚፈሰው ውሃ ዜሮ ከሆነ ከፍታው ምንም ቢሆን የሚባዛው በዜሮ ነው። በሚመጣበት ሌሊት ደግሞ ድንጋይና ደለል ይዞ ነው የሚመጣው። ዳር ላይ አትክልት የሚሸጡ እናት ልጆቹን አስቀምጠው ስለ ሐምሌ 1998 ነገሯቸው። «ድምፁ ነው የቀሰቀሰን» አሏቸው። «ምንድን ነው እማማ፣ ነጎድጓድ?» አለቻቸው አንዷ። «አይ ልጄ፣ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ሲንከባለል ነው።» በዚያ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው አልቋል። ከክበባችን ልጆች ያኔ የተወለደ የለም። የእኛ ከተማ ከወንዟ መብራት አትጠብቅም፤ የምትፈልገው ከላይ ከተራራው በእርከንና በክትር ጎርፉ እንዲበርድ፣ ውሃውም መሬት ውስጥ እንዲሰርግ ነው። የምንጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነውና።

የመጨረሻው ችሎት በጢስ ዓባይ ላይ ነበር። ከፏፏቴው በላይ ውሃው በቦይ ተጠልፎ ወደ ተርባይን ይሄዳል። የመጀመሪያው ጣቢያ 11.4 ሜጋ ዋት ነው። በ1993 የተጨመረው ሁለተኛው 73 ሜጋ ዋት ሲሆን ፏፏቴው ቀጠነ፤ ሊያየው የሄደ እንግዳም ማጉረምረም ጀመረ። ሥራው ፈቃድ ቢኖረውና ዛሬ ይታደስ ቢባል ምን ግዴታ ትጽፋላችሁ? አልኳቸው። ቦሎ እጁን አወጣ። «ቀን ቀን ፏፏቴው ይፍሰስ፤ ማታ ሰው ሲተኛ መብራቱ ይውሰደው።» ልጆቹ ሳቁበት። እኔ አልሳቅኩም፤ ናያጋራ ላይ የሚሠራው ይኸው ነው። አሜሪካና ካናዳ በ1950 ተዋውለው፣ በጎብኚ ወቅት ቀን ቀን በሰከንድ 2,800 ሜትር ኩብ ገደማ በፏፏቴው እንዲወርድ፣ ማታ ግን ግማሹ እንዲበቃ ወስነዋል። ቦሎ ለሁለት ሳምንት መሬት አልረገጠም።

አንዷ ዳኛ ደግሞ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ን አግኝታ መጣች። ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውል ውሃ ከሁሉም ቅድሚያ እንዳለው ይላል። ጮክ ብላ አነበበችው። የታችኛውን ገበሬ የወከለው ልጅ በሶማሊኛ መለሰላት፤ ጓደኛው ተረጎመ። «ለሰው ይቅደም፣ ጥሩ። የኔ ግመል ከተርባይኑ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» እስከ ደወሉ ድረስ አልተፈታም።

ሌላው ሥራ እንደ ወትሮው ነው። ችግኝ ተክለናል፤ ፍየል የተወሰነውን በልቶታል። በሚኒ ሚዲያ በየሳምንቱ ጽሑፍ አቅርበናል፤ ስለ ኤድዋርድስ የቀረበው ከሰንደቅ ዓላማው ሰልፍ በላይ ረዝሞ ምክትል ርዕሰ መምህሩ በእጃቸው ምልክት አስቁመውታል። ሒሳባችን ተመርምሮ ተዘግቷል።

ለ2019 የመረጥነው ፋይል ቆቃ ነው። በ1952 የተመረቀ፣ 43 ሜጋ ዋት፣ ደለል የሚያስቸግረው፣ የእኛው የአዋሽ ተፋሰስ ግድብ። የኩባንያው ጠበቃ የክበቡ ሰብሳቢ ሆና ተመርጣለች። ስብሰባው ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ በፊዚክስ ላብ ነው። ቤቱ የድሮ ብስክሌት ዲናሞ ያለው ወላጅ ቢኖር በልጁ በኩል ይላክልን፤ ከሮቶው ቧንቧ ሥር ልንገጥመው አስበናል።