ያላበራሁት ጅብ

ሐረር

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ እናትሽም ሰላም ትልሻለች። ባለፈው በስልክ «አባዬ፣ የጅቡ ፎቶ ለምን ጨለመ? ካሜራው ተበላሽቶ ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበርና፣ ነገሩ በአፍ ስለማያልቅ በጽሑፍ ልመልስልሽ ተቀመጥሁ። ካሜራው ደኅና ነው። ፎቶውን ያጨለምሁት እኔ ነኝ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ካሜራዬን ይዤ ጠዋት ከ12 ሰዓት በፊት በኤረር በር፣ ማታ ደግሞ በፈላና በር በኩል እንደምወጣ ታውቂያለሽ። ጅብ በሚመገብበት ስፍራ እንግዶች በፍላሽ ሲያነሡ አያለሁ፤ ፎቶው ላይ የሚወጣላቸው ግን ሁለት የሚያበራ ፋኖስና የነጣ አፍንጫ ነው። ጅብ ከዓይኑ በስተኋላ ብርሃንን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን ስላለው፣ በጨለማ እንዲያይ የሚረዳው ያው ሽፋን ፍላሹን ወደ ካሜራው ይመልሰዋል። እኔም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደ እነርሱ ነበርሁ። አንድ ማታ ግን በግንብ የታጠረችው የጀጎል ሰዎች ዋራባ ኑዱል በሚሉት የግንቡ ቀዳዳ አንዲት ጅብ ልትገባ ስትል ፍላሹ ሳላስበው በራባት። (አንዲት ያልሁት በግምት ነው፤ የዚህን ጅብ ጾታ በዓይን መለየት አስቸጋሪ ነው።) ደንግጣ ተመለሰች፤ ቆሜ ብጠብቅም ዳግም አልመጣችም። ከተማው ለጅብ የተወላትን መንገድ እኔ ዘጋሁባት ማለት ነው፤ አፈርሁ።

ከዚያ ወዲህ ፍላሹን አጥፍቼ፣ አይ ኤስ ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ወደ 6400 ከፍ አድርጌ፣ ካሜራውን በግንቡ ላይ አስደግፌ እጠብቃለሁ። ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ለሰከንድ 1/30ኛ ያህል ሲከፈት የሚራመድ ጅብ ይደበዝዛል፤ ነገር ግን ጅብ ሽታ ለመለየት ቆም የሚልበት ቅጽበት አለውና እርሱን መያዝ ነው። የላክሁልሽ ፎቶ እንዲህ የተገኘ ነው፤ ጀርባው ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ለማየት ትንሽ ማፍጠጥ ያስፈልግሻል።

ጥቁሯ ድመታችን ሌላ ፈተና ናት። ነጩ ግድግዳ ሥር ስትተኛ ካሜራው ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንሳል፣ እርሷም ግድግዳው ላይ የተበሳ ቀዳዳ መስላ ትቀራለች፤ ስለዚህ ብርሃኑን አንድ ደረጃ እጨምራለሁ። ጭልፊቶቹ ይቀላሉ። በግድር መጋላ ገበያ ከሥጋ ሻጭ እጅ ላይ የሚመነትፉትን ለማንሣት እጄ አይፈጥንም፤ ጠዋት ግን መሬቱ ሞቆ አየሩ ሽቅብ እስኪያነሣቸው ድረስ ጣሪያ ላይ ይቀመጣሉና ያን ጊዜ እንደ ዘመድ ይጠብቁኛል።

ስለ ሰማይም ላጫውትሽ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው ሁሉ ወደ ምዕራብ ያያል፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ ኤረር ሸለቆ እዞራለሁ። ከአድማሱ ሰማያዊ ግራጫ መቀነት ቀስ እያለ ሲነሣ፣ በላዩም ሮዝ ቀለም ሲዘረጋ ታያለሽ። ያ ግራጫ መቀነት የራሷ የመሬት ጥላ ነው፤ በአየሩ ላይ ወድቆ ነው የሚታየው። በእኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ውጋገኑ 20 ደቂቃ ገደማ ብቻ ስለሚቆይ፣ ሌንስ ስቀይር ብዙ ማታ አምልጦኛል።

ራምቦ የተባለው ፈረንሳዊ ገጣሚ በ1883 እ.ኤ.አ. እዚሁ ሐረር ራሱን ፎቶ አንሥቶ ለቤተሰቡ ሲልክ፣ ሥዕሎቹ የነጡት በሚያጥብበት መጥፎ ውኃ የተነሣ እንደሆነ ጽፎላቸው ነበር። የእርሱ ሳይፈልግ ነጣ፤ የእኔ ወድጄ ጨለመ።

ከዚህ ጋር ሦስት ፎቶዎች ልኬልሻለሁ፤ አደራሽን በስልክሽ እንዳታበሪያቸው። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ አንድ ትርፍ ባትሪ ላኪልኝ፤ የጠዋቱ ብርድ ቶሎ ያደክመዋል።

አባትሽ