የእሁዱ የአሮጌ ሞተሮች መገናኛ፦ እስከ ሐሙስ ማታ መልሱ

ሰላም አባላት፣

የፊታችን እሁድ የቆዩ ሞተር ብስክሌቶቻችንን ይዘን አደባባዩ ላይ እንገናኛለን። ጠዋት 2 ሰዓት መድረስ፣ 3 ሰዓት ተኩል ጉዞ፣ 6 ሰዓት ላይ መመለስ።

ለወራት የተቀመጠ ቤንዚን ካለ ቅዳሜ ገልብጣችሁ አዲስ ሙሉ። አሮጌው ሙጫ ሠርቶ የካርቡራቶሩን ትንሿን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ሞተሩ ጋዝ ሲሰጡት ይሠራል፣ ሲለቁት ይጠፋል። ዘይት ከቤንዚን ጋር የምትቀላቅሉ፣ ልኩ 25 ለ 1 ከሆነ ለ5 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር ነው።

ዘይቱ በተለየ ታንክ የሚቀመጥባቸው ሞተሮች ያላችሁ፣ ለሳምንታት ከቆመ ዘይቱ ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። ጎድሏል ብላችሁ ከማስነሳታችሁ በፊት አትጨምሩ! ጥቂት ደቂቃ አሠርታችሁ ለኩ። አለዚያ ሲመለስ ታንኩ ሞልቶ ይፈስሳል (አደባባዩ ላይ የሚቀረው ጥቁር ኩሬ ከዚህ ነው)።

ሁለት ካንዴላ፣ ካላማዳሪያ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የክፍተት መለኪያና ኮንደንሰር (ከፑንቲናው ጋር የሚሠራ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ) ያዙ። ቀዝቃዛውን ተነስቶ ሲሞቅ እምቢ የሚል ሞተር ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ኮንደንሰሩ ነው። የብዙዎቹ ፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ የካንዴላውን ብልጭታ የሚያስነሳው) ክፍተት ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእናንተን ከመመሪያው አረጋግጡ።

ደካማው ሞተር ከፊት ይሄዳል፣ ፍጥነቱን የሚወስነውም እሱ ነው። የድራም ፍሬን ቶሎ ስለማይዝ፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ፣ ርቀት ጠብቁ። የቆመ ሰው ካለ ከኋላው ያለው አብሮት ይቆማል፣ ማንም ብቻውን አይቀርም።

ስትመልሱ የሞተሩን ዓይነትና የተሠራበትን ዓመት፣ ሰው ከኋላ መጫን አለመጫናችሁን ጻፉ። የተበላሸ ሞተር የሚጭን ፒካፕ ይዞ መምጣት የሚችልም ያሳውቀን።