ወተቱን አፍላ፤ ይድረስ ለልጄ፣ ሪያድ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለነስሩ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የላክኸውን ፎቶ እናትህ ለጎረቤቱ ሁሉ ስታሳይ ሰነበተች። እኔ ግን ካየሁት ጀምሮ ሐሳብ ገብቶኛል። የግልገል ግመሏን አፍንጫ ጉንጭህ ላይ ለጥፈህ ትስቃለህ፤ በሌላ እጅህ አረፋው ያልበረደ ወተት ይዘሃል። ሥራው ስለተስማማህ ደስ ብሎኛል። ከግመል ወደ ሰው የሚመጣው ሜርስ የሚባል በሽታ ግን ያሰጋኛልና ወተቱን አፍልተህ ጠጣ።

«አባ፣ አንተስ ባቢሌ ገበያ ስትውል ጥሬውን ትጠጣ አልነበር?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። አዎ፣ እጠጣ ነበር። ግመል ላክም ሄጄ በጢስ በታጠነ ዕቃ ሲቀርብልኝ እንዴት እመልሳለሁ? አንድ የድርቅ ዓመት ያረፍኩበት ቤት ትንሿ ልጅ አፍንጫው የሚዝረከረክ ግልገል አቅፋ ታድር ነበር። እናቱ ሞታበት ነው። ሌሊት ሲያቃስት ተነሥታ ወተት በጣቷ ታልሰዋለች። ጠዋት ልመረምረው ስመጣ ደግሞ «አትውጋው» እያለች ታለቅሳለች። ግልገሉም ተረፈ፣ ልጅቷም ምንም አልሆነችም። ዛሬ የዚያን ንፍጥ ሳስታውስ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል።

ሜርስ ኮሮና ከሚባሉት ቫይረሶች አንዱ ነው፤ መጀመሪያ ተለይቶ የታወቀው በ2012 እ.ኤ.አ. (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ) እዚያው ሳዑዲ፣ ጅዳ ውስጥ ነው። ዓሊ መሐመድ ዘኪ የሚባሉ ግብፃዊ ሐኪም በሳንባ በሽታ ከሞተ ሰው አገኙት። ቆይቶ ግን በ1980ዎቹ ከሶማሊያና ከሱዳን ግመሎች ተወስዶ የተቀመጠ ደም ሲመረመር የቫይረሱ ምልክት ተገኘበት። እኔ ገመድ ይዤ ሳክማቸው ከነበሩት መካከልም ሳይኖርባቸው አይቀርም ማለት ነው። ግመል አታስታውቅም፤ ቢበዛ አፍንጫዋ ይዝረከረካል። ቫይረሱን አብዝቶ የሚያወጣው ደግሞ ግልገሉ ነው፣ አንተ የምትስመው።

የእኛ አካባቢ ግመሎች ቫይረስ ከዓረቡ የተለየ ቅርንጫፍ ነው፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ በሰው ሳንባ ላይ ሲሞከር ደከም ብሎ ነው የሚራባው። ስለዚህ የእኔን መትረፍ ለራስህ ማስረጃ አታድርግ። እዚያ ሁለት ዓይነት ቫይረስ አንድ ግመል ላይ ሲገናኝ ይዳቀላል። በ2015 ሳዑዲ ውስጥ የበረታው እንዲህ የተዳቀለው ነበር።

ደቡብ ኮሪያም የገባው እሱው ነው። አንድ ሰው ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ተመልሶ ታመመ፤ በሽታው እስኪታወቅ ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ዞረ። በየተራ መጠበቂያው፣ በየድንገተኛ ክፍሉ ተላለፈና 186 ሰው ያዘ፣ 38 ገደለ። አጎትህን የወሰደብን የ2020ው ኮሮና በየመንገዱ ነው የሚተላለፈው፤ ይሄኛው ግን ከሰው ወደ ሰው በብዛት የሚዛመተው ሐኪም ቤት ውስጥ ነው። ገዳይነቱ ግን ይብሳል፤ ተይዘዋል ተብለው ከተመዘገቡት ከሦስቱ አንዱ በላይ ሞቷል። በ2002 ከቻይና ጓንግዶንግ የተነሣው ሳርስ እንኳ ከአሥሩ አንዱን ነው የገደለ።

አንተ ደግሞ ደረትህ ከልጅነትህ ጀምሮ የምናውቀው ነው። ስንት ሌሊት ቁጭ ብለን አሳድረንሃል! ይህ በሽታ ሳንባው፣ ኩላሊቱ ወይም ስኳሩ የሚያስቸግረው ሰው ላይ ይከፋል። አሠሪህ ጠጥቶ ደህና ስለዋለ አንተም ደህና ትውላለህ ማለት አይደለም። ወተቱን አፍላ ብዬሃለሁ!

ግልገሎቹን ስትይዝ አፍና አፍንጫህን ሸፍን፤ ስትጨርስ እጅህን በሳሙና ታጠብ። የሥራ ልብስህን ይዘህ መኝታ ክፍል አትግባ። የግመል ሽንት መድኃኒት ነው ብሎ የሚያቀርብልህ ካለ እንቢ በል። ሥጋውም በደንብ ይብሰል። ትኩሳትና ሳል ከያዘህ ሕመሙን አፍነህ አትተኛ፤ ሐኪም ቤት ስትደርስ መጀመሪያ የምትናገረው «ከጀመል (ከግመል) ጋር ነው የምሠራው» የሚለውን ይሁን። ካልነገርካቸው እንደ ማንኛውም ጉንፋን አይተው ይመልሱሃል።

ልጄ፣ እናትህ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። አንተም አትንገራት፤ ወተቱን ብቻ አፍላ። የምትነፋው መድኃኒትህ ስንት እንደቀረ ቆጥረህ ላክልኝ። የእማማ ዘይነባ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሪያድ ይመለሳል፣ በእሱ እልክልሃለሁ። ካፈላኸው በኋላ ወተቱ የምታቀዘቅዝበት ንጹሕ ዕቃ ከሌለህም ንገረኝ፣ አብሬ አስይዘዋለሁ።

አላህ ይጠብቅህ።
አባትህ