«እኚህን ሰውዬ ማን መረጣቸው?»
የፊልም ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ ስለ ከንቲባዎች ሲያወራ ከረመ። አስቤበት አይደለም። በመጀመሪያው ቀን «ትዊን ፒክስ»ን ከፈትን። እ.ኤ.አ. በ1990 የተጀመረ ድራማ ነው። አንዲት ተማሪ ተገድላ ነዋሪው በድንጋጤ ተሰብስቧል። ሽማግሌው ከንቲባ ድዌይን ሚልፎርድ ግን ማይኩን እየነካኩ «ይሠራል?» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ብዙም አይፈይዱም። አንዷ አባላችን እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እኚህን ሰውዬ ማን መረጣቸው?»

መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ተከታዮቻቸው ዛሬም ድረስ የሙጥኝ ያሏቸውን ድራማዎች እየመረጥን በዚሁ ጥያቄ ፈተሽናቸው።

የ«ዘ ሲምፕሰንስ»ን ክፍል ልጆቹ ወደዱት። በ1994 በታየው ክፍል ከንቲባ ኩዊምቢ በወንጀለኛው ሳይድሾው ቦብ ይሸነፋሉ። የመራጮቹ ስም ሲጣራ ግን ሙታን ድምፅ ሰጥተው ተገኙ። የሞቱ የቤት እንስሳትም አልቀሩም! በ«ወንስ አፖን ኤ ታይም» ደግሞ ከንቲባዋ ክፉ ንግሥት ናት፤ የመረጣት የለም። ከተማዋን ያመጣት የንግሥቲቱ እርግማን ነው፤ ወንበሩም አብሮ መጣላት።

ረጅሙን ክርክር ያስነሳው «ኖርዘርን ኤክስፖዠር» ነው። በትንሿ የአላስካ ከተማ ሲሴሊ፣ ሆሊንግ የሚባሉ የመጠጥ ቤት ባለቤት ለዓመታት ከንቲባ ሆነው ኖረዋል። ኤድና የምትባል ነዋሪ ተነሥታ ተወዳደረቻቸው፤ አሸነፈቻቸውም። ቂሟ ምን መሰላችሁ? ሊያስተክሉላት ቃል የገቡላት የ«ቁም» ምልክት አለመተከሉ። ግማሹ ክፍል «ለዚች ብላ ነው?» አለ። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ታዲያ የከንቲባ ሥራ ሌላ ምንድን ነው?» አላቸው። እኔም ከሱ ጋር ነኝ።

ሦስት ሳምንት የወሰዱብን ግን የ«ባፊ» ከንቲባ ሪቻርድ ዊልኪንስ ናቸው። ትሑት ናቸው። ስድብ አይወዱም፤ ጀርም ያስጨንቃቸዋል። ከተማዋን ራሳቸው ነው የመሠረቷት፤ ለአጋንንት መመገቢያ እንድትሆን። ከመቶ ዓመት በላይ ሲገዟት አያት፣ አባትና ልጅ እየመሰሉ ነው። የዕለት ሥራቸውን በዝርዝር ይጽፋሉ። ከወላጆች ጋር ስብሰባ፣ ፀጉር መቆረጥ... መሀል ላይ ደግሞ «የማይበገር መሆን»! ይህችን ስናይ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በመጨረሻ በተማሪዎች ምረቃ ላይ ንግግር እያደረጉ ግዙፍ እባብ ይሆናሉ። የሚቆጫቸው ንግግሩን አለመጨረሳቸው ነው። (ርእሰ መምህራችን ይህን ሲያነቡ በሌላ እንዳይተረጉሙብኝ።)

ያ ክፍል በ1999 በግንቦት ሊታይ ታስቦ ወደ ሐምሌ ተላለፈ። ምክንያቱ አሜሪካ ውስጥ በኮሎምባይን ትምህርት ቤት የደረሰው የተማሪዎች ግድያ ነበር። ይህን ስነግራቸው ቤቱ ጸጥ አለ። ቪዲዮውን የከፈትኩት እነሱ ራሳቸው «እንየው» ካሉ በኋላ ነው።

የቀረው እንደ ማንኛውም ክበብ ነው። ፕሮጀክተሩ ሁለቴ ተበላሸ። በፈተና ሰሞን አምስት ሆነን ቀረን።

በሰኔ የሚቀጥለውን ዓመት ሰብሳቢ መረጥን። ያቺ ጠያቂ ልጅ ተወዳደረች። ቅስቀሳዋ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ፀሐይ እስክሪኑን እንዳታጠፋብን መስኮቱ ላይ መጋረጃ አሰቅላለሁ። በሰፊ ልዩነት አሸነፈች። መጋረጃው ይህ ዘገባ እስከተጻፈበት ቀን ድረስ አልተሰቀለም።