ውርጩ ሳይመጣ፦ አሮጌ ፒክአፕ ላላችሁ ደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ጥቅምት ተጋምሷል፤ በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ብርዱ መጠንከር ጀምሯል። ከእንግዲህ እስከ ጥር ድረስ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ የሚያድርባቸው ሌሊቶች ይበዛሉ። በየዓመቱ በዚህ ወቅት እየተጎተቱ ወደ ጋራዣችን የሚመጡት በብዛት አሮጌ ሂሉክሶችና ላንድክሩዘር ፒክአፖች ናቸው። ባለቤቶቻቸውም «ሞተሩ ደክሟል፤ ክፈቱልን» ይሉናል። አብዛኞቹ ግን ሞተር የሚያስከፍት ችግር የለባቸውም። ችግራቸው ማሞቂያ ካንዴላ፣ ባትሪ፣ ወይም ከዓመታት በፊት ወጥቶ የተጣለ ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው ቫልቭ) ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍንላችሁ ምክንያቱን በግልጽ ለማስረዳትና ደጃችሁ ላይ በገዛ እጃችሁ ልትሠሩት የምትችሉትን ለመንገር ነው። ከኅዳር 1 ጀምሮ በአሠራራችን ላይ የምናደርገውንም አንድ ለውጥ እዚሁ እናሳውቃችኋለን።

በመጀመሪያ፣ መኪናው ጠዋት ጠዋት ለምን እምቢ እንደሚል እንይ። የናፍጣ ሞተር እሳት የሚጭር ብልጭታ የለውም፤ ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው ፒስተኑ የጨመቀው አየር ሙቀት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። የሚጨመቀው አየር ከመነሻው ሳሳ ያለ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ብርድ የጠጣው ብረት ደግሞ ያንኑ ትንሽ ሙቀት ይወስድበታል። በሂሉክሶቹ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ሞተሮች፣ እንዲሁም በላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ ላይ ናፍጣው የሚረጨው ቀድሞ ወደ አንዲት ትንሽ ክፍል ነው። ያቺን ክፍል ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቃት ማሞቂያው ካንዴላ ነው። ከአራቱ ካንዴላ ሁለቱ ቢሞቱ ቆላው ሸዋ ሮቢት ያደረ መኪና ምንም ላይታወቅበት ይችላል፤ እዚህ ያደረው ግን ባትሪውን ጨርሶ ይቀራል።

ምልክቱ ግልጽ ነው። መኪናው እንደምንም ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላም ምንም እንዳልነበረ ይስተካከላል። ይህ የካንዴላ ጠባይ ነው። ነጩ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋና ጣፋጭ ሽታ ካለው ግን ራዲያተር ውስጥ የተጨመረው ፀረ በረዶ ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላልና ሳትነዱ ጥሩን።

ካንዴላን ለመፈተሽ የሚያስፈልገው አንድ የ12 ቮልት መፈተኛ አምፖልና አንድ የብሎን መፍቻ ቁልፍ ብቻ ነው። መኪናው ጠፍቶ ካንዴላዎቹን እርስ በርስ የሚያያይዘውን ቀጭን ብረት አውልቁ። የአምፖሉን መቆንጠጫ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር አያይዙና ጫፉን በእያንዳንዱ ካንዴላ ራስ ላይ አስነኩ። አምፖሉ ከበራ ውስጡ ያለው ሽቦ አልተበጠሰም፤ ካልበራ ካንዴላው ሞቷል። ሁሉም ካበሩ ደግሞ ብረቱን መልሳችሁ እሰሩ፤ ረዳት ቁልፉን ሲከፍት ኤሌክትሪኩ እስከ ብረቱ መድረሱን በመልቲሜትር እዩ። ካልደረሰ ጥፋቱ የሪሌው ወይም የፊውዙ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አደራ እንላለን። አንደኛ፣ ሁሉም ካንዴላ የ12 ቮልት አይደለም፤ በ6 ቮልት የሚሠሩም አሉ። ስለዚህ አውጥታችሁ በቀጥታ ባትሪ ላይ አትፈትኑት፤ አዲስ ስትገዙም አሮጌውን ይዛችሁ ኑ። ሁለተኛ፣ ለብዙ ዓመታት ያልተነካ ካንዴላ ዝጎ ይጣበቃል። ማታ ዝገት አላቂ ዘይት ንፉበት፤ በማግስቱ ሞተሩ ሞቅ ሲል ቀስ ብላችሁ ፍቱት፤ ጠንክሮ ከያዛችሁ ተዉት። ውስጥ ከተሰበረ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ያስወርዳል፤ ያ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው።

ባትሪውን በተመለከተ፣ በ0 ዲግሪ አንድ ባትሪ ከጉልበቱ 20 በመቶ ገደማ ያጣል። የሞተሩ ዘይት በሚወፍርበትና ማስነሻ ሞተሪኖው የበለጠ ጉልበት በሚፈልግበት ሰዓት ማለት ነው። ጠዋት ቁልፍ ከመክፈታችሁ በፊት በመልቲሜትር ለኩት። 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ 12.0 ከሆነ ሊያልቅ ተቃርቧል። ስታስነሱ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ከተነሳ በኋላ ከ13.8 እስከ 14.4 ማሳየት አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ዲናሞውንና ችንጋውን አስፈትሹ። የጎደለ ባትሪ ላይ የምትጨምሩት የተጣራ ውሃ ብቻ ነው። አሲድ የሚጨምሩ ብዙ ሰዎች እናያለን፤ ይህ የባትሪውን ሞት ያፋጥናል እንጂ አያድነውም። በማሰሪያዎቹ ላይ የሚወጣውን ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ እጠቡ፤ አድርቃችሁ ቫዝሊን ቀቡት። ስትፈቱ ኔጌቲቩን አስቀድሙ፤ ስትመልሱ የመጨረሻ አድርጉት።

አሮጌ ፒክአፕ ላይ ደግሞ ማንም ልብ የማይለው ነገር አለ፤ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ ሻንሲው የሚሄደው ወፍራም ገመድ ነው። ጫፉ ይዝጋል፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሞተሪኖ ይቀይራል፣ ባትሪ ይቀይራል፣ ችግሩ ግን ባለበት ይቀጥላል። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ንጹሕ የሞተር ብረት ላይ ያዙ፤ ረዳታችሁ ሲያስነሳ ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ያንን ገመድ ፍቱት፣ ጫፎቹንና የሚቀመጥበትን ብረት በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ መልሱት። ይህ ሥራ አንዳች ገንዘብ አያስወጣም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ቴርሞስታት!

ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ወደ ጣርማበር የሚወጣ መኪና ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ጭነት ከኋላ፣ ሙቀት ከታች፣ ዳገት ከፊት ሲሆንበት አሮጌው ሞተር ይሞቃል። መካኒኩም «ቴርሞስታቱ ነው» ብሎ ያወጣዋል፤ ሙቀቱም ለጊዜው ቀለል ሊል ይችላል። እውነተኛው ምክንያት ግን የተደፈነ ራዲያተር፣ የላላ ችንጋ፣ የደከመ ፋን ወይም ግፊት መያዝ ያቃተው የራዲያተር ክዳን ነው፤ እሱ እንዳለ ተቀምጧል። ያ መኪና ደብረ ብርሃን ሲመለስ ሌላ ዕዳ ይዞ ይመጣል። ሞተሩ ለመሞቅ ብዙ ሰዓት ይፈጅበታል፤ የሙቀት መለኪያው ከታች አይነሳም። በቀዘቀዘ ሲሊንደር ውስጥ ናፍጣው ተሟልቶ አይቃጠልም፤ የቀረው የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት አጥቦ ወደ ታች ይወርዳልና ዘይቱን ያቀጥነዋል። ነዳጅ ይበላል፣ ይጨሳል፣ የፒስተን ፋሻዎቹ ያለ ዕድሜያቸው ያልቃሉ። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ በታችኛው ዲስኩ ሌላ መተላለፊያ የሚዘጋ ስለሆነ፣ ሲወጣ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ ይዞራል፤ መኪናው ከበፊቱም ይብሳል። ብዙዎቻችሁ ራዲያተሩ ፊት ካርቶን የምታደርጉት የወጣውን ቴርሞስታት ለመተካት ነው። ካርቶኑ ግን ዳገት ሲመጣ ራሱን አያነሳም።

ቴርሞስታት ደህና መሆኑን ቤታችሁ መፈተን ትችላላችሁ። ቫልቩን በጣታችሁ ከፈት አድርጋችሁ ክር አስገቡና ልቀቁት፤ ክሩን ይነክሰዋል። በዚያው ክር አንጠልጥላችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት አሮጌ ድስት ውስጥ፣ ሥሩን ሳይነካ አስገቡትና ምድጃ ላይ ጣዱት። ውሃው ይሞቃል፣ ይጨሳል፣ ዳር ዳሩ ላይ ጥቃቅን አረፋ ይታያል፤ ወደ 80 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ቫልቩ ይከፈታል፣ ክሩንም ይለቀዋል፤ ቴርሞስታቱ ጠብ ብሎ ድስቱ ሥር ሲወድቅ ትሰማላችሁ። ውሃው ፈልቶም ካልወደቀ አይሠራም፤ ገና ለብ ሲል ከወደቀም አይሠራም። መጽሐፉ «በ95 ዲግሪ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል» ቢላችሁ አትጨነቁ፤ በእኛ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ከዚያ አያልፍም።

ይኸው ዝቅ ያለ የመፍያ ነጥብ ለራዲያተሩም ይሠራል። ስለዚህ ፀረ በረዶው እዚህ አገር ሁለት ሥራ አለው፤ ሌሊት ከመርጋት፣ ቀን ዳገት ላይ ከመፍላት ይጠብቃል። ውስጡ ያለው ዝገት መከላከያ ደግሞ ሦስተኛው ነው። አንድ እጅ ፀረ በረዶ ከሁለት እጅ የተጣራ ውሃ ጋር ብትደባልቁ እስከ 17 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ አይረጋም፤ ለእኛ ውርጭ ይበቃል፤ ግማሽ በግማሽ ለማድረግ ገንዘብ አታባክኑ። ማታ ማታ ውሃውን አፍስሰው ጠዋት የቦንባ ውሃ የሚሞሉ ደንበኞች አሉን፤ ልማዱ ሞተሩን ከመሰንጠቅ ያድነዋል፣ ነገር ግን በየቀኑ አዲስ አየርና አዲስ ኖራ እያስገባ ራዲያተሩን ይደፍነዋል። ያኔ ሸዋ ሮቢት ላይ የሚሞቀው ምክንያቱ ይኸው ነው። ክዳኑን በሙቅ ሞተር ላይ በፍጹም አትክፈቱ። ፀረ በረዶ ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ልጆች፣ ውሾችና ከብቶች ከሚደርሱበት ቦታ አታፍስሱት።

ናፍጣን በሚመለከት ጠላታችሁ ውሃ ነው። ከበርሜል የተቀዳ ናፍጣ ውሃ ይዞ ይመጣል፤ ግማሹ ባዶ በሆነ ታንከር ውስጥም ሌሊት እርጥበት ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ማታ ስትገቡ ታንከሩን ሙሉ። ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ጥቂት ዙር ፍቱና በእጅ ፓምፑ እየገፋችሁ ወደ ብርጭቆ ጠርሙስ አፍስሱ፤ ጠርሙሱን ጥቂት ስታቆዩት ውሃው ከሥር፣ ናፍጣው ከላይ ይለያል። ንጹሕ ናፍጣ ብቻ እስኪወጣ ቀጥሉ። ብርድ መጣ ብላችሁ ነጭ ጋዝ አትቀላቅሉ፤ የነዳጁ ፖምፓ የሚለሰልሰው በናፍጣው በራሱ ነው፤ ነጭ ጋዝ ያደርቀዋል፣ ፖምፓ ደግሞ ውድ ነው።

የሞተር ዘይት ስትቀይሩ 15ደብሊው-40 ጠይቁ። ነጠላ ቁጥር ብቻ ያለው 40 ዘይት በውርጭ ጠዋት ወፍሮ ከላይ ያሉት ክፍሎች ጋ ለመድረስ ይዘገያል፤ ዋጋው ቢረክስም አይጠቅማችሁም። ስታስነሱ የጥቅልል ምልክቷ መብራት እስክትጠፋ ጠብቁ፤ በጣም ከበረደ ቁልፉን ዘግታችሁ አንድ ጊዜ ድገሙላት፤ ፍሪሲዮን ርገጡ፣ ሞተሪኖው ካምቢዮ ውስጥ ያለውን ወፍራም ዘይት አብሮ እንዳያዞር። ከተነሳ በኋላ ቆሞ ግማሽ ሰዓት ማሞቅ አያስፈልግም፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀስ ብላችሁ ንዱት።

ጎማ በብርድ ንፋስ ይቀንሳል፤ ጠዋት ሳትነዱ ለኩት። በውርጭ የተሸፈነ መስታወት ላይ ሙቅ ውሃ አታፍስሱ፤ ማታ ካርቶን አልብሱት። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባልና በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፤ ጣርማበርን የሚወርድ ሁሉ ይህን አይዘንጋ።

ከሁሉም በላይ የምንለምናችሁ፣ ከሞተሩ ሥር እሳት አታንድዱ፤ በንፋስ ማስገቢያውም ቤንዚን ወይም የሚነፋ ማስነሻ ጋዝ አትስጡት። አሮጌ ሞተር ሥሩ በዘይትና በናፍጣ የራሰ ነው። ማሞቂያ ካንዴላው በጋለበት ሞተር ውስጥ ማስነሻ ጋዝ ያለ ጊዜው ይፈነዳል፤ ፒስተን ይሰብራል፣ ሰውም ይጎዳል። የነዳጅ ፖምፓና የታይሚንግ ችንጋ ሥራም ለእኛ ይተው። ችንጋው በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ ሲበጠስ ባልቦላዎችን ይዞ ይሄዳል።

የአሠራር ለውጣችን ይህ ነው። ከኅዳር 1 ጀምሮ «ቴርሞስታት አውጡልኝ» የሚል ጥያቄ አንቀበልም። መኪናው የሚሞቅ ከሆነ ራዲያተሩን፣ ክዳኑን፣ ፋኑንና ችንጋውን ፈትሸን ምክንያቱን እንነግራችኋለን፤ ለዚህ ፍተሻ አናስከፍልም። ቴርሞስታት የሌለው መኪና ከመጣም ሌላ ሥራ ከመጀመራችን በፊት እናሳውቃችኋለን። አንዳንዶቻችሁ ቅር እንደምትሰኙ እናውቃለን፤ ግን በዓይናችን ያየነውን ጉዳት እያወቅን በእጃችን ልንሠራው አንችልም።

መልቲሜትርና መፈተኛ አምፖል የሌላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቅ በሉ፤ በራሳችሁ መኪና ላይ አብረን እንሠራለን፣ ክፍያ የለውም። ከመሐል ሜዳና ከሞላሌ የምትመጡ ዕቃው መኖሩን ቀድማችሁ በስልክ ጠይቁን። ጠዋት አልነሳም ያለ መኪና ለማሳየት ስትፈልጉ ግን እያሞቃችሁ ቀን አታምጡት፤ ሲሞቅ ሕመሙ ይደበቃል። ማታ አምጡትና ግቢያችን ይደር፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አብረን እናስነሳዋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የጋራዡና የመለዋወጫ መደብሩ ባልደረቦች
ደብረ ብርሃን